ዲ ኤች 60 ሞዝ፦ የበረራ ክበቦች አውሮፕላን

ዲ ኤች 60 ሞዝ የእንግሊዙ ዴ ሃቪላንድ ኩባንያ የሠራው ባለ ድርብ ክንፍና ባለ ሁለት መቀመጫ ቀላል አውሮፕላን ነው። ጄፍሪ ዴ ሃቪላንድ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1925 ለንደን አጠገብ ከሚገኘው የስታግ ሌን ሜዳ ተነሥቶ ራሱ አብርሮ ሞከረው። ነፍሳትን ማጥናት ይወድ ስለነበር በእንግሊዝኛ ሞዝ የምትባለውን የእሳት ራትን ስም አወጣለት።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መብረር የሚያምረው ሲቪል ብዙ ነበር፤ የሚቸግረው ሞተር ነው። ከጦርነቱ የተረፉት ሞተሮች በርካሽ ቢገኙም ለትንሽ አውሮፕላን ይከብዳሉ፤ ትንንሾቹ ደግሞ ጉልበት የላቸውም። መሐንዲሱ ፍራንክ ሃልፎርድ መላ አገኘ፦ የተራረፉትን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሮች ክፍሎች ወስዶ የዚያን ግማሽ የሚያህል፣ ባለ አራት ሲሊንደርና 60 የፈረስ ጉልበት ያለው ሲረስ የተባለ ሞተር ሠራ። ሞዝን ሞዝ ያደረገው፣ ከክንፉም ከአካሉም ይልቅ፣ ይህ ቁጠባ ይመስለኛል።

የቀረውም በዚያው መንፈስ የተሠራ ነው። አካሉ እንጨትና ኮምፔልሳቶ፣ ክንፉ ጨርቅ የለበሰ እንጨት ነው። የነዳጁ ታንክ ላይኛው ክንፍ መሐል ስለተቀመጠ ቤንዚኑ ያለ ፓምፕ በራሱ ክብደት ወደ ሞተሩ ይወርዳል። ክንፎቹ ወደ ኋላ ስለሚታጠፉ ጠባብ መጠለያ ይበቃዋል።

የእንግሊዝ መንግሥት ለበረራ ክበቦች ድጎማ ሲሰጥ የተመረጠው ሞዝ ነበር፤ የለንደኑ ክበብ በነሐሴ 1925 ሥራ ጀመረ። አስተማሪው ፊት፣ ተማሪው ኋላ ይቀመጣሉ፤ በነፋሱና በሞተሩ ጩኸት መካከል የሚነጋገሩት ከራስ ቆባቸው ጋር በተያያዘ ቱቦ ነው። ፍሬን የሚባል ነገር የለውም። ሞተሩን የሚያስነሣው መሬት ላይ የቆመ ሰው ነው፤ ፕሮፔለሩን በእጁ ያሽከረክርና ፈጥኖ ገለል ይላል። የፊቱ ወንበር የአውሮፕላኑ ክብደት ሚዛን ያለበት አካባቢ ስለሆነ፣ ተማሪው ብቻውን ሲበር የአስተማሪው አለመኖር ሚዛኑን ብዙም አያናጋውም።

ከእነዚህ ተማሪዎች አንዷ የለንደን ቢሮ ጸሐፊ የነበረችው ኤሚ ጆንሰን ናት። በ1929 ፈቃድ አግኝታ፣ በ1930 ጂፕሲ የተባለ ሞተር በተገጠመለት ሞዝ ከእንግሊዝ አውስትራሊያ ድረስ ብቻዋን በረረች። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ የትሪኒዳድ ተወላጁ አብራሪ ሁበርት ጁልያን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ቀደም ብሎ የንጉሠ ነገሥቱን ሞዝ ከስክሶ ከአገር ተባረረ።

በ1931 ታይገር ሞዝ የተባለው ተከታዩ መጣ። ለጦር ኃይል ሥልጠና ታስቦ ስለተሠራ፣ የፊተኛው ተቀማጭ በጃንጥላ ለመዝለል እንዲመቸው የላይኛው ክንፍ ምሰሶዎች ወደ ፊት ተገፉ፤ ሚዛኑ እንዳይዛባም ክንፎቹ ወደ ኋላ ዘንበል እንዲሉ ተደረገ።