የኬልቪን ቁጥር ሲጨምር ፎቶው ለምን ቢጫ ይሆናል?

በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ልጆችን ከቤት ውጭ ፎቶ የሚያነሡ ጀማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ነገር አለ፤ የጥላ ብርሃን 7000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል) አካባቢ ሆኖ ሰማያዊ ከሆነ፣ በካሜራው ላይ የኬልቪኑን ቁጥር 7000 ስናደርገው ፎቶው ለምን ወደ ቢጫ ያደላል? ግራ መጋባቱ አያስገርምም። በካሜራው ላይ የምንመርጠው ቁጥር በፎቶው ላይ የምንቀባው ቀለም ሳይሆን፣ በቦታው ያለው ብርሃን ምን ዓይነት እንደሆነ ለካሜራው የምንነግርበት ነው፤ ካሜራውም ብርሃኑ ሰማያዊ እንደሆነ ሲነገረው ያንን ለማካካስ ቢጫ ይጨምራል።

ለምሳሌ ሰማዩ ጥርት ባለበት የጥቅምት ቀን፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ነጠላ የለበሰች ሕፃን በድንጋይ ቤት ጥላ ውስጥ ብትቆም፣ ፀሐይዋ ተከልላ የሚያበራላት በአብዛኛው ሰማዩ ስለሆነ፣ ካሜራው 5500 ላይ ሆኖ ከተነሣች ነጠላዋም ፊቷም ወደ ሰማያዊ ያደላሉ፤ ቁጥሩ ወደ 7500 ገደማ ከፍ ሲል ግን ነጠላዋ ይነጣል፣ የፊቷም መልክ ይመለሳል። ቁጥሩን ስናስተካክል ከፊቷ ይልቅ ነጠላውን (ጥለቱን ሳይሆን ነጩን) ማየት ይሻላል።

ይህ አሠራር በየካሜራው አይለያይም። የሚለዋወጠው ተስማሚው ቁጥር ነው፤ ደመናው፣ ሰዓቱና በአጠገቧ ያለው ቀለም የተቀባ ግድግዳ ይለውጡታል። ከሣር የሚንጸባረቀው አረንጓዴ ግን በኬልቪን ቁጥር ብቻ ስለማይስተካከል፣ ልጅቷን ከሣሩ ማራቅ ይቀላል።