የናሙና ሰሌዳ ምንድን ነው?

የናሙና ሰሌዳ ማለት በአንድ ክፍል ውስጥ አብረው የሚኖሩ ነገሮች፣ ማለትም የግድግዳው ቀለም፣ የወለሉ እንጨት ወይም ድንጋይ፣ የመጋረጃው፣ የሶፋውና የትራሱ ጨርቅ፣ የምንጣፉ ሱፍ እንዲሁም የመሳቢያው እጀታ ብረት፣ ገና ሳይገዙ ከእያንዳንዳቸው በተወሰደ እውነተኛ ቁራጭ አማካይነት ጎን ለጎን የሚታዩበት ሰሌዳ ነው። የቤት ውስጥ ዲዛይን ባለሙያዎች ማቴሪያል ቦርድ ይሉታል። ብዙ ጊዜ ሙድ ቦርድ ከሚባለው ጋር ይምታታል፤ ሆኖም ሙድ ቦርድ ክፍሉ እንዲሰጥ የሚፈለገውን ስሜት በፎቶግራፎች የሚያሳይ ሲሆን፣ የናሙና ሰሌዳ በእጅ የሚዳሰስ ነው። በስክሪን የምናየው የከፋይ ጨርቅ መጀመሪያ በካሜራው፣ ቀጥሎም በስክሪኑ መልኩ ተለውጦ የደረሰን ምስል ነው፤ በሰሌዳው ላይ ያለው ቁራጭ ግን ነገ ሶፋው የሚለብሰው ጨርቅ ራሱ ነው።

ይህን ያህል ድካም ለምን ያስፈልጋል ቢባል፣ ቀለም ለብቻው የማይኖር ነገር ስለሆነ ነው። ማንኛውም ቀለም ከጎኑ በተቀመጠው ቀለም፣ በሚያርፍበት ብርሃንና በተቀባበት ወይም በተነከረበት ቁስ ምክንያት ሌላ መልክ ይይዛል። ስለዚህ አንድ ክፍል ሳያምር ሲቀር ጥፋቱ የሶፋው ወይም የመጋረጃው ላይሆን ይችላል፤ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ውብ ሆኖ ሳለ፣ ሁሉም በየፊናቸው ስለተመረጡ ብቻ አንዱ የሌላውን መልክ ያበላሻል።

ነገሩን መርምሮ ሕጉን ያወጣለት ሚሼል ኤውዤን ሼቭረል የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው። ሼቭረል እ.ኤ.አ. በ1824 በፓሪስ በሚገኘው የጎብላን የግድግዳ ምንጣፍ መሸመኛ የማቅለሚያ ክፍሉ ኃላፊ ሆኖ ሲሾም፣ ከቀረቡለት ቅሬታዎች አንዱ በሰማያዊና በወይን ጠጅ ልብሶች እጥፋት ላይ ጥላ ሆኖ የሚሸመነው ጥቁር ክር ጥቁረት ይጎድለዋል የሚል ነበር። ክሩን ከሌሎች መሸመኛዎች ካስመጣው ጥቁር ክር ጋር ሲያስተያየው ማቅለሚያው እንከን እንደሌለበት ተረዳ። ችግሩ ያለው ከጥቁሩ ጎን በተሸመነው ሰማያዊ ላይ ነበር። ዓይን ሁለት ቀለሞችን ጎን ለጎን ሲያይ ልዩነታቸውን አጉልቶ ስለሚቀበል፣ ሰማያዊው የተቃራኒውን፣ ማለትም የብርቱካናማን ጥላ በጥቁሩ ላይ ያሳርፍበትና ጥቁረቱን ያደበዝዘዋል። ሼቭረል ይህን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1839 በመጽሐፍ አሳተመ። ቀለም ነካሪዎቹ ላልሠሩት ስህተት ሲወቀሱ ቆይተዋል ማለት ነው።

ይህ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት አንድ የእጅ መዳፍ የሚያህል ግራጫ ጨርቅ ይበቃል። ጨርቁ በነጭ ወረቀት ላይ ሲቀመጥ ግራጫ ብቻ ነው። ማር በመሰለ ቢጫማ እንጨት ላይ ሲቀመጥ ወደ ሰማያዊና ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፤ ከቀላ ያለ ቡናማ ቆዳ ጎን ሲደረግ ደግሞ አረንጓዴ ነገር ብቅ ይልበታል። ከሌሎች ሦስት ወይም አራት ግራጫዎች መካከል ሲገባ ደግሞ ከሥሩ የተደበቀው የራሱ ቃና ይገለጣል፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ሮዝ ያዘለ ሆኖ ይገኛል። በነጭ ቀለሞችም ላይ እንዲሁ ነው፤ ክሬም ያዘለ ነጭ መጋረጃ ሰማያዊ ካዘለ ነጭ ግድግዳ ፊት ሲሰቀል ያልታጠበ ይመስላል። በእኔ እምነት ነጭን ከነጭ ማስማማት ቀይን ከአረንጓዴ ከማስማማት ይከብዳል፤ ምክንያቱም ጉልህ ልዩነት ሆን ተብሎ የተደረገ ሲመስል፣ ጥቃቅን ልዩነት ስህተት ይመስላል።

ቁሱ ራሱም ቀለሙን ይለውጠዋል። በአንድ ዓይነት ሰማያዊ የተነከሩ ሐር፣ ጥጥና ሱፍ አንድ ሰማያዊ አይሆኑም፤ ሐሩ ብርሃኑን ስለሚመልስ ያበራል፣ ሱፉ ግን ብርሃኑን በጭረቶቹ መካከል ስለሚበትነውና ስለሚውጠው ጠለቅ ብሎና ረጋ ብሎ ይታያል። ይህን በግልጽ የሚያሳየው ከፋይ ነው። የከፋይ ቁራጭ በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ፀጉሩን በጣት ወደ ራስ በመሳብ፣ ቀጥሎም ወደ ፊት በመግፋት ሲታይ፣ የተነካው መስመር አንዴ ይፈካል፣ አንዴ ይጠቁራል። ከአንድ ጨርቅ ከተቆረጡ ሁለት ቁራጮች አንዱን ግማሽ ዙር አዙሮ ካልዞረው ጎን ማስቀመጥ ሁለት የተለያዩ ጨርቆች የተገዙ ያስመስላል። ለዚህ ነው የሶፋ ሠሪ የከፋይ ፀጉር በሁሉም ትራሶች ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲተኛ አድርጎ መቁረጥ ያለበት። ከዚህ የሚገኘው ጥቅምም ትልቅ ነው፤ ከአንድ ቀለም ብዙም ሳይወጣ የተዘጋጀ ክፍል ሻካራ የተልባ ጨርቅ፣ ለስላሳ ከፋይ፣ ደብዛዛ ግድግዳና የሚያንጸባርቅ ናስ ከተሰባሰቡበት ሕይወት ያገኛል፤ ሁሉም ለስላሳ ወይም ሁሉም ሻካራ ከሆነ ግን ዓይን የሚያርፍበት ያጣል።

የብርሃን ጉዳይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነው። የአምፖል ብርሃን ቃና በኬልቪን ይለካል፤ 2700 ኬልቪን የሚለው አምፖል ቢጫማ፣ 4000 ገደማ የሆነው ነጣ ያለ፣ 6500 ደግሞ ለቀን ብርሃን የቀረበና ሰማያዊ ያዘለ ነው። በቀን ብርሃን ፍጹም አንድ የሚመስሉ ጨርቅና የግድግዳ ቀለም ማታ አምፖል ሲበራ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ሁለቱ በተለያዩ የቀለም ውህዶች የተሠሩ በመሆናቸው አንዱን ብርሃን በአንድ ዓይነት፣ ሌላውን ብርሃን ግን በተለያየ መንገድ ይመልሱታል። አምፖሉ ቀለሞችን ምን ያህል በእውነተኛ መልካቸው እንደሚያሳይ የሚናገር ሌላ መለኪያም አለ፤ ከፍተኛው 100 ሲሆን፣ ለጨርቅና ለእንጨት ጥራት ለሚጨነቅ ሰው ከ90 በላይ የሆነውን መምረጥ ይበጃል። ስለዚህ ሰሌዳው መታየት ያለበት በመደብሩ ውስጥ ሳይሆን ሥራው በሚሠራበት ክፍል፣ ጠዋት፣ ከሰዓት በኋላና ማታ፣ ማታም በዚያው ክፍል በሚገባው አምፖል ነው።

አሁን ብዙ ሰሌዳዎች ወደሚሳሳቱበት ቦታ እንምጣ፤ እርሱም መጠን ነው። ሁሉም ቁራጮች እኩል ተቆርጠው ከተለጠፉ ሰሌዳው ይዋሻል፤ የትራሱ ቀይ ከግድግዳው ክሬም ጋር እኩል ድምፅ ያገኛልና። 60፣ 30፣ 10 የሚባለው የታወቀ ልማድ፣ ማለትም 60 በመቶ ዋና ቀለም፣ 30 በመቶ ደጋፊ፣ 10 በመቶ ማድመቂያ የሚለው፣ ለጀማሪ መነሻ ይሆናል፤ ክፍሉን ለክቶ ማስላት ግን የበለጠ ያስተምራል። አራት ሜትር በአምስት ሜትር የሆነ ክፍል እናስብ። ወለሉ 20 ካሬ ሜትር፣ ኮርኒሱም 20 ነው፤ ግድግዳው በርና መስኮት ሲቀነስ 45 ካሬ ሜትር ነው እንበል። የሚታየው መጋረጃ 6፣ የሶፋው ጨርቅ 5 ካሬ ሜትር ይሁን፤ በየጎናቸው 45 ሴንቲሜትር የሆኑ አምስት ትራሶች ደግሞ ተደምረው 1 ካሬ ሜትር ገደማ ያሳያሉ። ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 50 ካሬ ሴንቲሜትር ብንመድብ፣ ለግድግዳው 45 በ50 ሴንቲሜትር፣ ለወለሉና ለኮርኒሱ ለየብቻ 25 በ40፣ ለመጋረጃው 15 በ20፣ ለሶፋው 10 በ25፣ ለትራሶቹ 5 በ10 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ሁሉም ሲደመር በየጎኑ 70 ሴንቲሜትር የሆነ ሰሌዳ ይሞላል። በዚህ መልክ ሲዘጋጅ ያቺ ትንሽ ቀይ ቁራጭ ክፍሉን የምታነቃው ወይስ የምትረብሸው መሆኗ ወዲያው ይታያል።

የግድግዳ ቀለም ናሙና በተለይ ትልቅ መሆን አለበት። በካታሎግ ላይ ያለች የጣት ስፋት ያላት ቁራጭ አራት ግድግዳ ሲሞላ ከታሰበው በላይ ትደምቃለች፤ ብርሃኑ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እየነጠረ በእያንዳንዱ ንጥረት ቀለሙን ያጠናክረዋልና። በነባሩ ግድግዳ ላይ ሞክሮ ማየትም ያሳስታል፤ አዲሱን ቀለም የከበበው አሮጌው ቀለም በዓይን ላይ ጫና ያደርጋል። ሰፊ ካርቶን ሁለት ጊዜ ቀብቶ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እያዘዋወሩ ማየት ይሻላል።

ሰሌዳው ከተጠናቀቀ በኋላ መፈታትም አለበት። ወለል የምናየው ከላይ ቁልቁል ስለሆነ የእንጨቱ ናሙና መሬት ላይ ይቀመጥ፤ መጋረጃ ግን ተሰቅሎ፣ ከኋላው ብርሃን እያለፈበት የሚኖር በመሆኑ ቁራጩ በመስኮቱ ፊት ተጨማድዶ ይያዝ። ስስ የተልባ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ቡናማ መስሎ በመስኮት ላይ ወርቃማ ሊሆን ይችላል። መዳሰስም የምርመራው አካል ነው፤ ናስና እብነ በረድ ከእንጨትና ከሱፍ ጋር አንድ የሙቀት መጠን ላይ ቢሆኑም የእጅን ሙቀት ቶሎ ስለሚወስዱ ሲነኩ ቀዝቃዛ ይመስላሉ፣ ባዶ እግር የሚረግጠው ወለል ላይ ይህ ከቀለሙ በላይ ሊያሳስብ ይችላል።

ከየት ይጀመር ለሚለው ጥያቄ መልሴ፣ ምርጫው ጠባብ ከሆነው ነው። ወለልና ድንጋይ ጥቂት መልክ አላቸው፣ ጨርቅ ብዙ አለው፣ የግድግዳ ቀለም ግን በሺህ በሚቆጠሩ ቃናዎች ይበጠበጣል፤ ስለዚህ መጨረሻ መመረጥ ያለበት የግድግዳው ቀለም ነው። እኔ በመጀመሪያ ያዘጋጀሁትን ክፍል ገልብጬ ነበር የጀመርኩት፤ ግድግዳውን የወደድኩትን አረንጓዴ ካስቀባሁ በኋላ ለዚያ አረንጓዴ የሚስማማ ሶፋ ፍለጋ ወራት ፈጀሁ፣ በመጨረሻም የተሸነፈው ግድግዳው ነበር፤ እንደገና ተቀባ።

ጊዜም ቁሱን ይለውጠዋል። የቼሪ እንጨት ብርሃን ሲያገኝ ይጠቁራል፣ የዎልነት እንጨት በተቃራኒው ይፈካል፣ ልባጥ ያልተደረገበት ናስ ይወይባል። የጨርቅ ቀለም ብርሃንን የመቋቋም አቅም ከ1 እስከ 8 በሚደርስ መለኪያ ይገለጻል፤ 8 የተባለው ጠንካራው ነው። ለሶፋ ጨርቅ ደግሞ ማርቲንዴል የሚባለው የፍትጊያ ፈተና ቁጥር ይጠየቃል፤ ቁጥሩ በበዛ መጠን ጨርቁ መቀመጥንና መነሣትን ይበልጥ ይችላል። ቤት ውስጥ ሊደረግ የሚችለው ፈተና ግን ቀላል ነው፤ የቁራጩን ግማሽ በወፍራም ካርቶን ሸፍኖ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ለጥቂት ሳምንታት ማኖር፣ ከዚያም ሁለቱን ግማሾች ማስተያየት።

በሰሌዳው ጀርባ የእያንዳንዱ ቁስ ስም፣ የቀለሙ ቁጥርና ጨርቁ የተነከረበት ዙር መለያ ይጻፍ፤ አንድ ጨርቅ በሁለት ዙር ሲነከር ጥቂት መለያየቱ ስለማይቀር፣ ለሶፋውም ለትራሱም የሚያስፈልገው በአንድ ጊዜ ከአንድ ጥቅል ቢገዛ ይመረጣል። ሥራው ሲያልቅ ሰሌዳው ብርሃን በማይደርስበት መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዓመታት በኋላ አንድ ትራስ ሲቀደድ፣ ሶፋው ላይ ያለው ጨርቅ ምን ያህል እንደለቀቀ የሚታወቀው ከመሳቢያው በወጣችው ቁራጭ ነው።