ብሪጁን ዝም ብላችሁ አትክሰሱት፦ ስለ ቤዝ ጊታር ክር ከፍታ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ላይ ደህና የነበረ ቤዝ ባቲ ሰርግ ሲወርድ ጠባዩ ይለወጣል። ሙቀቱ ክሩን ያላላል፣ የአየሩ እርጥበት ሲቀየር ደግሞ የአንገቱ እንጨት ይንቀሳቀሳል። ያኔ ሁሉም ካቻቢቴ ይዞ ወደ ብሪጁ፣ ማለትም የጊታሩ አካል ላይ ክሮቹ ወደሚያርፉበት ብረት ይሮጣል።

«ክሩ ከፍ ካለ ብሪጁን ዝቅ ማድረግ ነው»

መጀመሪያ አንገቱን እዩ። ወፍራሙን ኢ ክር በአንድ እጅ አንደኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች የመጀመሪያው) ላይ፣ በሌላው እጅ መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫኑት። ከዚያ ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ፍሬት ጋ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት ተመልከቱ። 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማለትም የቢዝነስ ካርድ ውፍረት ያህል ከሆነ ደህና ነው። ከዚያ በጣም ከሰፋ አንገቱ ጎብጧል፤ ብሪጁን ብታወርዱት ላይኞቹ ፍሬቶች ላይ ድምፁ ይታነቃል እንጂ መሃሉ አይስተካከልም። መድኃኒቱ በአንገቱ ውስጥ ያለው፣ ጉብጠቱን የሚያስተካክለው ትረስ ሮድ የሚባል ዘንግ ነው።

ግን «ትረስ ሮድ ከተነካ አንገት ይሰበራል» ስለሚባል ማንም አይደፍረውም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው። ጉዳት የሚያመጣው ጉልበትና የማይገጥም ቁልፍ ነው። በልኩ ቁልፍ ሩብ ዙር ብቻ አዙሩ፣ ክሩን እንደገና ቃኙ፣ ከዚያ ለኩ። አልዞርም ካለ አታስገድዱት፤ ለባለሙያ ስጡት።

«ክሩ ዝቅ ባለ ቁጥር ይሻላል»

እንደ እጃችሁ ነው። 12ኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ሥር ወፍራሙ ኢ 2.4፣ ቀጭኑ ጂ ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ መነሻ ነው። ጣቱ ለስላሳ የሆነ ሰው ከዚህም ዝቅ ማድረግ ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ ለእስክስታ ክሩን የሚደበድብ ቤዚስት ግን ባያወርደው ይሻለዋል። በኃይል የተመታ ክር ሰፊ ቦታ ይፈልጋል።

«ዝዝዝ ካለ ተበላሽቷል»

አምፕሊፋየር ላይ ሰክታችሁ ስሙ። በስፒከር የማይሰማ ከሆነ እርሱት። አንድ ፍሬት ላይ ብቻ ከሆነ ችግሩ ምናልባት የፍሬቱ ነው፤ ብሪጅ አያድነውም።

«ክፍቱ ክር (ፍሬት ላይ ሳይጫኑት የሚመታው) ከተቃኘ ሌላው በራሱ ይስተካከላል»

ይሄ ነው ብዙ ባንድ የሚያሳፍረው። ቤዙ ታች ሲሆን ሁሉም ሰላም ነው። አምባሰል እየተጫወተ ወደ ላይ ሲወጣ ግን ከኪቦርዱ ጋር ይጣላል። 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኑ በጣት ነካ አድርጋችሁ የሚወጣውን ድምፅና ተጭናችሁ የሚወጣውን በቲውነር (በመቃኛ መሣሪያ) አነጻጽሩ። የተጫናችሁት ከፍ ካለ፣ ሳድሉን፣ ማለትም ክሩ የሚያርፍባትን ትንሽ ብረት፣ ከኋላዋ ባለው ብሎን ከአንገቱ አርቁት። ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ አስጠጉት። በነካችሁት ቁጥር እንደገና ቃኙ። ከፍታ ሲቀየር ይሄም ስለሚዛባ የመጨረሻው ሥራ ይሁን። ሳድሎቹ በአንድ መስመር ካልተሰለፉ አትደንግጡ፤ ወፍራሙ ክር አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል።

«ለባቲ ቅኝት የተለየ የብሪጅ አቀማመጥ አለ»

የለም። ክራር ቅኝት ሲለወጥ ይቃኛል። ቤዝ ላይ ግን የሚለወጠው የምትመርጡት ኖታ ነው።

«ክር መቀየር ብሪጁን አይመለከትም»

ወፍራም ክር አንገቱን የበለጠ ይስባል፤ ስለዚህ ከአንገቱ ጀምሮ ሁሉንም እንደገና መለካት ነው። ባረጀ ክር ማስተካከል ደግሞ ከንቱ ድካም ነው፤ 12ኛው ፍሬት ላይ ብዙ ጊዜ አይገጥምላችሁም።