«ስቶል» ማለት ሞተር ጠፋ ማለት አይደለም

ትንሽ አውሮፕላን ለማረፍ ስትቃረብ በወደቀች ቁጥር «ስቶል አድርጋ ነው» ይባላል፤ ወዲያው «ሞተሯ ጠፍቶ!» እንባባላለን። ፍሪሲዮን በድንገት ሲለቀቅ መኪና ስለሚጠፋ መምታታቱ አይገርምም። አውሮፕላን ላይ ግን ስቶል የሚያደርገው ክንፉ ነው፤ ሞተሩ በሙሉ ጉልበት እየሠራም ይደርሳል።

በልጅነታችን እጃችንን በመኪና መስኮት አውጥተን የተጫወትነውን አስታውሱ። መዳፍ በትንሹ ቀና ሲል ነፋሱ ያነሳዋል፤ አብዝቶ ሲቀና ወደ ኋላ ብቻ ይገፋዋል። ክንፍም ነፋሱን የሚገጥምበት ማዕዘን ከልክ ሲያልፍ አየሩ ከላይኛው ገጹ ይላቀቅና የአውሮፕላኗን ክብደት መሸከም ያቅተዋል፤ ስቶል የሚባለው ይህ ነው።

ቁርጡ ነገር ይህ ማዕዘን ነው። ስቶል የሚደርስበት ፍጥነት ግን እንደ ጭነቱ፣ እንደ ፍላፑ (በዝግታ ሲበረር ክንፉ የበለጠ እንዲያነሳ ከኋላው የሚዘረጋው ክፍል) እና እንደ መታጠፊያው ይለያያል። ቀጥ ብላ ስትበር በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ላይ ስቶል የምታደርግ አውሮፕላን፣ ከፍታዋን ሳትለቅ 60 ዲግሪ ጋድላ ከታጠፈች 127 ላይ እያለችም ታደርጋለች።

እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ፣ ሂዩስተን፣ ሆቢ አየር ማረፊያ አጠገብ የወደቀችው ሲረስ ኤስአር20 የተባለች ትንሽ አውሮፕላን ጥሩ ማሳያ ናት። ለማረፍ ደጋግማ ሞክራ አልሆነም። እንደገና ከፍ ልትል ስትል በቂ ፍጥነት ሳይኖራት ፍላፑ ተሰበሰበ፤ ክንፉ ስቶል አደረገና እየተሽከረከረች ወረደች። የተሳፈሩት ሦስቱም ሰዎች አለፉ፤ ያሳዝናል።

ከስቶል ለመውጣት አብራሪው አፍንጫዋን ዝቅ አድርጎ ፍጥነት መሰብሰብ አለበት። ለዚያ ደግሞ ከፍታ ያስፈልጋል፤ ለማረፍ የተቃረበች አውሮፕላን ያጠራት እሱው ነው።