የጦርነት ደም በሰላም ጊዜ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ወጥተን፣ ስለታችንን አስገብተን ወደ ድሬዳዋ ስንወርድ መኪና ውስጥ የሰማሁት ንግግር እስካሁን ከልቤ አልወጣም። ነጠላ ያጣፉ ወንድሞች ናቸው። «የተሸነፈ መሪ ምን ፍርድ ቤት ያስፈልገዋል? እዚያው መረሸን ነው!» አለ አንዱ። ሌሎቹም «አሜን» አሉ። ያውም በገብርኤል ዕለት!

እስቲ አሜሳይን አስቡት። አቤሴሎም በአባቱ በዳዊት ላይ ሲነሣ የጦር አለቃው እሱ ነበር። ተሸነፉ። ዳዊት ግን አልገደለውም፤ ጭራሽ በኢዮአብ ፈንታ የሠራዊት አለቃ ሊያደርገው ማለለት። ይሄ ለኢዮአብ አልተዋጠለትም። ገባዖን ላይ ሲያገኘው «ወንድሜ ሆይ፣ ደኅና ነህን?» ብሎ ሊስመው ጢሙን ያዘ። በሌላው እጁ ሰይፍ ነበር።

ዳዊት ይህን ሳይረሳ ኖሮ፣ ሊሞት ሲል ለሰሎሞን ነገረው፦ ኢዮአብ የጦርነትን ደም በሰላም ጊዜ አፈሰሰ (1ኛ ነገ. 2፥5)። ይህን ቃል ባነበብኩት ቁጥር እንቀጠቀጣለሁ። ኢዮአብ እኮ ዕድሜውን ሙሉ ለዳዊት ዙፋን የተዋጋ ሰው ነው። ያም ሆኖ «የእኛ ወገን ነው» ተብሎ ደሙ አልተሰረዘለትም። «የእኛ ልጆች ናቸው» እያልን የምናልፈው ስንቱን ነው?

አገራችን የኢዮአብን መንገድ ቀምሳዋለች። ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ፤ አብዛኞቹ የወደቀው መንግሥት ሹማምንት ነበሩ። ደሙ እዚያ አልቆመም። ፓትርያርክ ከመሆናቸው በፊት የሐረርጌያችን ሊቀ ጳጳስ የነበሩት አቡነ ቴዎፍሎስ በ1971 ያለ ፍርድ ተገደሉ። አስከሬናቸው እንኳ ለዓመታት ተደብቆ ኖረ።

ደርግ በ1983 ሲወድቅ ግን መሪዎቹ ፍርድ ቤት ቀረቡ። ችሎቱ በ1987 ተጀምሮ የጥፋተኝነት ውሳኔው የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ነው። እጅግ ዘገየ፤ ዋናው ሰው ዚምባብዌ ተቀምጦ በሌለበት ተፈረደበት። ቢሆንም ምስክር ተሰማ፣ ተከሳሽም መከላከያውን አቀረበ። ሞት የተፈረደባቸውን ባለሥልጣናት በተመለከተ የሃይማኖት አባቶች ምሕረት ለመኑ፤ በ2003 ቅጣታቸው ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ። ምሕረቱ ፍርዱን ተከትሎ መጣ እንጂ ፍርዱን አልሰረዘም። «ሁሉንም እንርሳው» የምትሉ ወንድሞችም ይህን ልብ በሉ።

ልጅሽ የተገደለብሽ እናቴ፣ አንቺን ግን አልቆጣም። «ይቅር ማለት አቃተኝ» ብለሽ ከቁርባን የራቅሽ አለሽ። ፍርድ መጠየቅሽ ኃጢአት አይደለም። በወንጌል ያለችው መበለት «ከባላጋራዬ ፍረድልኝ» እያለች ዳኛውን ስትመላለስበት ጌታ አልገሠጻትም፤ ሳይታክቱ ለመጸለይ ምሳሌ አደረጋት እንጂ። ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂ። ያየሽውን፣ ቀኑንና ቦታውን ለሚጠይቅሽ ዳኛ ሳትፈሪ ተናገሪ። ደም እንድትመልሺ የሚገፋፋሽ ዘመድ ካለ፣ እሱን አትስሚው።