ለምርት ስለሚዘጋጅ የኢተርኔት ቦርድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባለፈው ክረምት ሁለት የጅማ ልጆች ራሳቸው የሠሩትን ቦርድ ይዘው መጡ። የቡና መጋዘን ሙቀትና እርጥበት ይለካል፤ በኢተርኔት ኬብል ወደ ኮምፒውተር ይልካል። ኮዱን የሚያስኬደው ቺፕ፣ ማይክሮኮንትሮለሩ፣ ኤስቲኤም32 ነው። ብየዳቸው እጅግ ንጹህ ነው፤ ኮራሁባቸው። ሦስት ናሙና ሠርተው ሦስቱም ስለሠሩ፣ በቀጥታ 50 ሊያዝዙ ነበር። ቦርዱ የሚታተመው ውጭ አገር ነው። ስህተት ካለበት ዶላሩም ጊዜውም አብሮ ይሄዳል። ያን ቀን ያነሷቸውን ሐሳቦች ከሌሎች ወጣቶችም ደጋግሜ ስለምሰማ ልጻፋቸው።

«ናሙናው ሠርቷል፤ የቀረውም ይሠራል»

የሞከሩት በአንድ ሜትር ኬብል ነው። አጭር ኬብል ብዙ ጥፋት ይሸፍናል። የኢተርኔት ደንብ እስከ 100 ሜትር ይፈቅዳል፤ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ደግሞ ኬብሉ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ በረጅም ኬብል፣ ሌሊቱን ሙሉ ዳታ እየላኩ የጠፋውን ፓኬት (የዳታ ቁራጭ) መቁጠር ነው።

ለኢተርኔት ቺፑ የሰዓት ምት የሚሰጠውን ክሪስታልም አየነው። 25 ሜጋኸርዝ ነው፤ የብዙ ኢተርኔት ቺፖች ዳታሺት ስህተቱ ከሚሊዮን 50 እንዳያልፍ ይጠይቃል። ልጆቹ አጠገቡ ያሉትን ሁለት ካፓሲተሮች ከሌላ ዲዛይን ቀድተው 10 ፒኮፋራድ አድርገዋቸዋል። ክሪስታሉ የሚፈልገው ጭነት (ጠቅላላ ካፓሲታንስ) ግን 18 ፒኮፋራድ ነው። የቦርዱ የራሱ 4 ያህል ቢሆን፣ ከ18 ላይ 4 ቀንሶ በ2 ማባዛት ነው። 28 ይመጣል፤ ገበያ ላይ ያለው ቅርቡ 27 ነው።

«ማክ አድራሻውን ኮዱ ውስጥ ጽፈነዋል»

በጣም ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። ማክ አድራሻ እያንዳንዱ መሣሪያ በኔትወርክ ላይ የሚለይበት ቁጥር ነው። ሦስቱም ቦርዶች ከምሳሌ ኮድ የተገለበጠ አንድ አድራሻ ይዘዋል። ስዊች፣ ማለትም ኬብሎቹ የሚገናኙበት ሳጥን፣ የትኛው አድራሻ በየትኛው ቀዳዳ በኩል እንዳለ እያየ ይመዘግባል። ሁለት ቦርድ አንድ አድራሻ ይዘው ሲመጡ መዝገቡ በየቅጽበቱ ይቀያየራል፤ ለአንዱ የተላከው ሌላው ጋ ይሄዳል። ክፋቱ፣ አንድ በአንድ ሲፈተኑ ሁሉም ደህና ናቸው። ሦስቱን አንድ ስዊች ላይ ሰክተን ስንሞክር መልሱ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይቀራል። ልጆቹ ዝም አሉ። 50 ቦርድ መጋዘን ውስጥ ከተሰቀለ በኋላ ቢሆን ኖሮ ማን ምክንያቱን ያገኘው ነበር?

አድራሻው 48 ቢት ነው። አድራሻዎቹን የሚያከፋፍለው ድርጅት፣ አይትሪፕልኢ፣ የሚሸጠው ትንሹ ጥቅል 4,096 አድራሻ ይዟል፤ ለ50 ቦርድ ይበዛል። ለዚህ መጠን እኔ የምመርጠው ልዩ አድራሻ ከፋብሪካው ተጽፎበት የሚመጣ ትንሽ የሜሞሪ ቺፕ ነው፤ ማይክሮቺፕ የሚሠራው 24ኤኤ02ኢ48 አንዱ ነው። ከራስ ኔትወርክ ለማይወጣ ቦርድ ደግሞ፣ ከኤስቲኤም32 ባለ 96 ቢት መለያ ቁጥር ተነስቶ በ02 የሚጀምር አድራሻ ማውጣት ይቻላል።

«ሁለት ሌየር ይረክሳል፤ መስመሮቹ እኩል ከሆኑ ይበቃል»

ሌየር የቦርዱ የመዳብ ንብርብር ነው። እኩል ርዝመት ብቻውን አይበቃም። ዳታ የሚሸከሙት መስመሮች የእያንዳንዱ ጥንድ ኢምፒዳንስ (ፈጣን ሲግናል የሚገጥመው መቋቋም) 100 ኦም መሆን አለበት። ይህን የሚወስነው የመስመሩ ስፋት፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት፣ ከሥራቸው እስካለው ግራውንድ (የዜሮ ቮልት መዳብ) ያለው ርቀት ነው። በአራት ሌየር ግራውንዱ ብዙ ጊዜ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በሁለት ሌየር ወደ 1.5 ይርቃል። ሌየር ከቀነሳችሁ መስመሩን እንደ አዲስ አስሉት።

«ትራንስፎርመሩን ብናወጣውስ?»

አይሆንም። ኬብሉን ከቦርዱ የሚለየው እሱ ነው፤ ደንቡ 1,500 ቮልት እንዲችል ይጠይቃል። ክረምት ላይ ነጎድጓድ በሚበዛበት ከተማ ይህን መንካት ያሳዝነኛል። መብረቅ በቀጥታ ከመታ ግን እሱም አያድንም። ከሕንፃ ወደ ሕንፃ የሚሻገር መስመር ፋይበር ቢሆን ይሻላል።

«ዕቃ ዝርዝሩ ላይ 10 ማይክሮፋራድ ብለናል»

የስንት ቮልት ካፓሲተር? የአካሉ መጠንስ? የአምራቹ ሙሉ የዕቃ ቁጥር ይጻፍ፤ ተተኪውም አብሮ።

«ስለ ፍተሻው በኋላ እናስባለን»

የፍተሻ ነጥብ ቦርዱ ከታተመ በኋላ አይጨመርም። ለኃይል መስመሮቹ፣ ለሪሴት፣ ኮድ ለሚጫንበት መስመር አሁኑኑ ክብ መዳብ ይተውላቸው።

ልጆቹ 50ውን ትተው መጀመሪያ 5 ለማዘዝ ወሰኑ። ኮድ ሲጫን የአድራሻው ስቲከር አብሮ ይለጠፋል፤ ከዚያ አምስቱም አንድ ስዊች ላይ፣ በረጅሙ ኬብል ያድራሉ።