ሲጂ 125፦ ለቸልተኛ ሰው የተሠራ ሞተር

"ሞተር" የሚለው ቃል እኛ ዘንድ ሁለት ሥራ ይዟል። ዶቅዶቄዋም ሞተር ናት፣ ከታንከሯ ስር ሆኖ ቤንዚን የሚያቃጥለው ብረትም ሞተር ነው፤ "ሞተሬ ቆመ" ያለ ሰው የትኛውን እንዳለ ለማወቅ ሄዶ ማየት ነው። እዚህ ግራ እንዳንጋባ ሙሉዋን ዶቅዶቄ፣ ውስጡን ብቻ ሞተር እላለሁ። የማወራው ደግሞ ስለ አንድ ዘር ነው። ሲጂ 125 ይባላል።

ሆንዳ ይህን ሞተር እ.ኤ.አ. በ1976 ሲያወጣ ሰዉን አይቶ ነው። ከሱ በፊት የነበረው 125 ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን፣ ማለትም የአየሩንና የጭሱን በሮች፣ የሚከፍተው ዘንግ) ከላይ፣ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ውስጥ ነበር፤ ፈጣን ነው፣ ግን ዘይቱ ሲረሳ ቶሎ ይጎዳል። ዶቅዶቄ የዕለት እንጀራ በሆነባቸው አገሮች ደግሞ ዘይት የሚረሳው ሰው ብዙ ነው። መሐንዲሶቹ ሰውን ከመቀየር ሞተሩን መቀየር ይቀላል ያሉ ይመስላል። ካምሻፍቱን ወደ ታች አወረዱት፣ በሰንሰለት ፋንታ በጥርስ አስነከሱት፣ ቫልቮቹንም በሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ከታች እንዲገፋ አደረጉት። የቆየ ዘዴ ነው፣ ግን ይችላል። ሲሊንደሩ 56.5 ሚሊሜትር ይሰፋል፣ ፒስተኑ 49.5 ሚሊሜትር ይመላለሳል፤ ሲባዛ 124 ሲሲ ይመጣል። መጀመሪያ ጃፓን፣ በኋላ ብራዚል፣ ፓኪስታንም ተመረተ፤ የቻይና ፋብሪካዎች ደግሞ እንዳለ ገለበጡት። ሊፋን፣ ዞንግሸን ወይም ሎንሲን የሚል ጽሑፍ ያለባትን 125 ዶቅዶቄ ስትከፍቱ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ይህንኑ ንድፍ ነው። ባጃጅ ቦክሰር የምትነዱ ግን ቁጥሮቹን ከዚህ አትውሰዱ፤ የሷ ካምሻፍት ከላይ ነው፣ ልኬቱም ሌላ ነው። አያያዙ ግን ብዙም አይለይም።

የሲጂ ትልቁ ጸባይ ቻይነቱ ነው። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ዘይት ቢጎድል ይሄዳል፣ ቫልቩ ቢላላ እየተንቀጫቀጨ ይሄዳል፣ ካንዴላው (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ቢጠቁር እያሳለ ይሄዳል። ባለቤቱም "ምንም አይልም፣ ፅድት ያለ ሞተር ነው" እያለ ይነዳዋል። የተናገረ ቀን የሚናገረው በፒስተኑ ነው።

ከዘይት እንጀምር፤ ግማሹ ጽሑፍ ስለ እሱ ቢሆንም አይበዛበትም። መኪና ላይ ሞተሩ የራሱ ዘይት አለው፣ ካምቢዮውም (የማርሹ ሳጥን) የራሱ። እዚህ ግን ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ ፍሪሲዮኑም (ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውና የሚለየው) የሚዋኙት አንድ ዘይት ውስጥ ነው፤ እሱም አንድ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። የማርሹ ጥርስ ይፈጨዋል፣ ፍሪሲዮኑ ብናኙን ያራግፍበታል፣ ፒስተኑ ጥቀርሻውን ያወርድበታል። ይህን ሁሉ የተሸከመ አንድ ሊትር ብዙ ርቀት እንዲሄድ መጠበቅ ግፍ ነው። የአገራችን መካኒኮች በ1,000 ወይም በ1,500 ኪሎ ሜትር ቀይሩ ይላሉ፤ የአምራቾቹ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ከዚህ ያርቀዋል። እኔ ከመካኒኮቹ ጋር ነኝ፤ አቧራውንና አቀበቱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

"ኪሎ ሜትሩ በምን ይታወቃል?" ትሉ ይሆናል፤ ትክክል ናችሁ። ግማሹ ዶቅዶቄ የኪሎ ሜትር ገመዱ ተበጥሶ ነው የሚሄደው። እንግዲህ በቤንዚን ቁጠሩት። 125 በአንድ ሊትር 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሄዳል፤ ታንከሩ 10 ሊትር የሚይዝ ከሆነ አንዴ ሲሞላ 400 ኪሎ ሜትር ነው። አራተኛው ሙሌት ላይ ስትደርሱ ዘይቱ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው።

ዓይነቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የመኪና ዘይት ርካሽ ስለሆነ ወይም "ምርጥ ነው" ስለተባለ ይጨመራል። ነዳጅ ቆጣቢ የሚባሉት የመኪና ዘይቶች ግጭት የሚቀንስ ነገር ገብቶባቸዋል፤ መኪና ላይ ጥሩ ነው፣ ዶቅዶቄ ላይ ግን ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ስለሆነ መያዝ ያቅተዋል። ጋዝ ስትሰጡ ሞተሩ ይጮሃል፣ ዶቅዶቄዋ ግን አትሮጥም። ስለዚህ ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል ምልክት ፈልጉ፤ ለእርጥብ ፍሪሲዮን የተፈተነ ማለት ነው። ውፍረቱ ደግሞ እኛ አገር ገበያ ላይ በብዛት ያለው 20 ደብሊው 50 ነው፤ ለቆላ ጥሩ ነው፤ ብርድ ለሚበዛበት ደጋ 10 ደብሊው 40 ጠዋት ሲነሳ ቀለል ይለዋል።

አወጣጡ ቀላል ነው። ሞተሩን ሦስት አራት ደቂቃ አስነሱት፤ ዘይቱ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ቆሻሻውንም ይዞ ይወርዳል። ከታች ያለውን ቡሎን ፍቱ፣ ያረጀ ድስት ደግኑበት፣ ዶቅዶቄዋን ቀጥ አድርጋችሁ እስኪንጠባጠብ ጠብቁ። አንዳንዱ ሞተር ላይ ከትልቁ ቡሎን ጀርባ ስፕሪንግና ትንሽ የሽቦ ወንፊት አለ፤ ሲፈታ ዘሎ እንዳይጠፋ። ወንፊቱን በቤንዚን አጥባችሁ ያያችሁትን አትርሱ። ጥቁር ጭቃ የተለመደ ነው። እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ደቃቅ ነገር አዲስ ሞተር ላይ አያስደነግጥም፤ አሮጌ ላይ ከሆነ ግን አንድ ነገር እየተበላ ነው።

ቡሎኑን ስትመልሱ እጃችሁን ያዝ አድርጉ። እኔ የተማርኩት በገንዘቤ ነው። አንዱ ጋራዥ ውስጥ ልጁ እንዳያፈስ ብሎ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቶ አጠበቀልኝ፣ እኔም ጎበዝ ብዬ ሻይ ጠጣ አልኩት። በሚቀጥለው ቅያሪ ቡሎኑ ሲወጣ የሞተሩን ጥርስ ይዞ ወጣ፤ አሉሚኒየሙ ቡሎኑ ላይ እንደ ስፕሪንግ ተጠምጥሞ። ብረት ቡሎንና አሉሚኒየም ሲታገሉ ማን እንደሚያሸንፍ የታወቀ ነው። ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቀረጽበት) ወስጄ ቀዳዳውን አስፍተው ወፍራም ቡሎን አስገቡልኝ። አዲስ ሮንዴላ (ከቡሎኑ ስር የምትገባ ቀለበት) ካለ ቡሎኑ ብዙ ማጥበቅ አያስፈልገውም፤ ሮንዴላዋ ናት የምትይዘው።

የዘይቱን መጠን ስታዩ ደግሞ ዶቅዶቄዋ በጎን መቆሚያዋ ዘንበል ብላ ሳይሆን ሜዳ ላይ ቀጥ ብላ ትቁም። መለኪያዋን ጥረጉ፣ ሳታዞሩ ዝም ብላችሁ አስገቧት፣ አውጧት። በላይና በታች ምልክቱ መካከል ከሆነ በቂ ነው። ከላይ ማለፍም ችግር ነው፤ የበዛው ዘይት በመተንፈሻው ወጥቶ የአየር ፊልትሮው ውስጥ ይገባል።

አሁን ብዙ ባለዶቅዶቄ ስለማያውቃት ነገር። ሲጂ እንደ መኪና የወረቀት ዘይት ማጣሪያ የለውም። በቀኝ በኩል፣ ከፍሪሲዮኑ ክዳን ስር፣ ክራንክሻፍቱ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) ጫፍ ላይ የተገጠመች ክብ ጎድጓዳ ነገር አለች፤ ከሞተሩ ጋር ትሽከረከራለች፣ ዘይቱም በውስጧ ሲያልፍ ከባዱ ቆሻሻ ወደ ዳር ተወርውሮ ግድግዳዋ ላይ ይጋገራል። የሚቀየር ነገር የለም፣ ይታጠባል እንጂ። ግን ካልከፈቷት የምትሞላ ናት። ዘይት ብቻ እየቀየረ ለዓመታት የነዳን ሰው ይህችን ስትከፍቱለት ውስጧ ግራጫ ጭቃ እንደ ሸክላ ደርቆ፣ በካቻቪቴ የሚፋቅ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በ10,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ አንዴ ብትከፈት ጥሩ ነው። ክዳኑ ሲወርድ ጓርኒሲዮኑ (ዘይት እንዳያፈስ መካከል የሚገባው ስስ ወረቀት) ስለሚቀደድ አዲስ ገዝታችሁ ጠብቁ።

(የጋራዥ አማርኛችን ጣሊያንኛ መሆኑን አስተውላችኋል? ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ማርሚታ፣ ካቻቪቴ፣ ሮንዴላ። መመሪያውን በእንግሊዝኛ ያነበበ ልጅ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሰፈር፣ ደርሶ ዕቃ ሲጠይቅ እንደገና ፊደል ይቆጥራል።)

ቫልቭ ሁለተኛው ትልቅ ነገር ነው። ቫልቩና የሚገፋው ክንድ መካከል ትንሽ ክፍተት መኖር አለበት፤ ብረት ሲሞቅ ስለሚረዝም። የሲጂ 0.08 ሚሊሜትር ነው፣ ለሁለቱም ቫልቮች። ተራ የጽሕፈት ወረቀት 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ይወፍራል፤ ከሱ ትንሽ ያንሳል ማለት ነው። የሚለካው ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ነው፤ ማታ አቁሞ ጠዋት። በግራ በኩል ባለችው ቀዳዳ እያያችሁ ማግኔቱ ላይ ያለው የቲ ምልክት ከመስመሩ ጋር እስኪገጥም አዙሩ፣ ከዚያ ሁለቱንም ክንዶች በጣት ነካ ነካ አድርጉ። ሁለቱም ትንሽ ከተንቀሳቀሱ ቦታው ትክክል ነው። አንዱ ከጠበቀ አንድ ዙር ጨምሩ። ክፍተቱ ውስጥ የምታስገቧት ስስ የመለኪያ ብረት ቅጠል ስትሳብ ያዝ እያደረገች መውጣት አለባት።

እዚህ ላይ ሰው የሚፈራው ተቃራኒውን ነው። ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ሲሰማ ይደነግጣል፣ መካኒኩም እስኪጠፋ ድረስ ያጠብቀዋል፣ ሞተሩ ዝም ይላል፣ ሁሉም ይደሰታል። ግን የጠበቀ ቫልቭ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። የሚያቃጥለው ጋዝ በጠባቧ ክፍተት ይሾልካል፣ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ጠርዙ ይቃጠላል፣ ዶቅዶቄዋም ስትሞቅ አልነሳም ማለት ትጀምራለች። ትንሽ የሚንጫጫ ቫልቭ ከዝምተኛው ይሻላል።

ካንዴላ ርካሽ ሐኪም ነው። ፍቱና ጫፉን እዩት። የገብስ ቆሎ ቀለም ከያዘ ሞተሩ ጤነኛ ነው። እንደ ምጣድ ስር ጠቁሮ ደረቅ ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል ወይም አየር አንሶታል። ነጭ ከሆነ ተቃራኒው ነው፣ ሞተሩ እየጋለ ነው። ጥቁርና እርጥብ፣ ዘይት ዘይት የሚል ከሆነ ዘይቱ ወደ ላይ እያለፈ ነው። ክፍተቱ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊሜትር ይሁን። ሲመለስ መጀመሪያ በጣት አዙሩት፤ ቴስታታውም አሉሚኒየም ነው፣ የቡሎኑን ታሪክ ነግሬያችኋለሁ።

ካንዴላ መጥቆሩ እኛ አገር አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለው፤ ከፍታ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ያለው ሞተር ይህን አያውቅም። ቤንዚኑን ለባሕር ዳርቻ እንደተለካው ይሰጣል፣ አየሩ ግን ቀጭን ነው፤ ስለዚህ ቤንዚን ይበዛል፣ ጉልበቱም ወደ ሩብ ያህል ይቀንሳል። 11 የፈረስ ጉልበት ያላት ዶቅዶቄ እንጦጦን ስትወጣ ያላት ስምንት አካባቢ ነው፤ ሁለት ሰው ጭናችሁ አትስደቧት። አንዳንድ መካኒክ ቤንዚን የሚያልፍባትን የናስ ቀዳዳ በትንሽ ቁጥር ይቀይራታል፣ ደጋ ላይ ይሠራል። ያቺው ዶቅዶቄ ወደ አዋሽ ወይም ወደ ጋምቤላ ስትወርድ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ቤንዚን ያንሳታል፣ ሞተሩ ይግላል። ቆላ የምትወርዱ ከሆነ የድሮዋን ቀዳዳ ኪሳችሁ ያዙ።

የአየር ፊልትሮው ስፖንጅ ከሆነ በነጭ ጋዝ ወይም በሳሙና ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ጥቂት ዘይት ተነክሮ በደንብ ተጨምቆ ይመለሳል። ዘይት የሌለው ስፖንጅ አቧራ አይይዝም። ወረቀት ከሆነ አይታጠብም፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይነፋል፣ ሲጠቁር ይቀየራል። ፒስታ መንገድ ላይ የምትውሉ በየሳምንቱ ክፈቱት። ፊልትሮውን አውልቆ "ጉልበት ጨመረች" የሚል ሰው አለ፤ ድምፅ ነው የጨመረችው፣ አቧራው ደግሞ ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል።

ቤንዚን ሲጠፋ በሃይላንድ የሚሸጠውን መቅዳት ግድ ይሆናል፣ ማንም አይፈርድም። ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበት ጭሱና ሽታው ይናገራል፤ ውሃ ከገባበት ደግሞ ካርቡሬተሩ ስር ይተኛል። ከካርቡሬተሩ ጎድጓዳ በታች ያለችውን ትንሽ ማፍሰሻ አላሉና በጠርሙስ ክዳን ተቀበሉት፤ ውሃው ከታች እንደ ዶቃ ድብልብል ብሎ ይታያል። ከሁለት ሳምንት በላይ የምትቆም ዶቅዶቄ ላይ ሩቢኔቶውን (ከታንከሩ ስር ያለውን የቤንዚን መዝጊያ) ዝጉ፣ ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ አስነሱት። የቆመ ቤንዚን ሙጫ ይሆናል።

የቀረው ትንንሽ ነው። የፍሪሲዮን ገመድ መያዣው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ያህል ይላላ። የሲሊንደሩ ክንፎች መካከል ክረምት ላይ የሚደርቀውን ጭቃ አውጡት፤ ሞተሩ ሌላ ማቀዝቀዣ የለውም። የተቃጠለውን ዘይት ቦይ ውስጥ አትድፉት፤ ለአጥር ቋሚ ምስጥ መከላከያ የሚፈልገው ጎረቤት አይጠፋም።

ይህ ሁሉ ሆኖም ሲሊንደሩ አንድ ቀን ያልቃል። ምልክቱ ሰማያዊ ጭስ ነው። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ጨሶ የሚተው ከሆነ የቫልቭ ጎማዎቹ ናቸው፣ ቀላል ነው። ጋዝ በሰጣችሁ ቁጥር የሚጨስ ከሆነና ዘይቱ በየሳምንቱ የሚጎድል ከሆነ የፒስተን ቀለበቶቹና ሲሊንደሩ ናቸው፤ ሬቲፊካ ቤት (ሲሊንደር የሚሞረድበት) ይሄዳል። እዚያ በ0.25 ሚሊሜትር ያሰፉታል፣ ልኩን ፒስተን ይገዛሉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ 0.50፣ ከዚያ 0.75፣ መጨረሻ 1.00። ከዚያ በኋላ አዲስ ሲሊንደር ነው። ሲሊንደሩ ሰፍቶ የተመለሰ ሞተር ደግሞ እንደ አዲስ ይቆጠራል፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሳታስጮሁት ንዱ፣ 500 ኪሎ ሜትር ላይ ዘይቱን አውርዱ፣ የሚያብረቀርቀውንም በድስቱ ውስጥ ታዩታላችሁ።